ደጋግሞ የሚበላሽ ተሽከርካሪና የባለቤቱ መብት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ፣ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ከሚሻገረው መንገድ ጋር የሚገናኘው ወረታ ላይ ነው። ከተማዋን የከበባት የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ደለል እያመጡ ያደለቡት፣ እስከ ጣና ሐይቅ ዳር የተንጣለለ ምድር ነው። ቀድሞ በከብቱ ስሙ የተጠራው ይህ ሜዳ፣ በደርግ ዘመን የሩዝ ዘር ከገባበት ወዲህ ደግሞ በሩዝ ታውቋል። ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ከተፈለፈለ በኋላ ገበያ የሚደርሰው በጭነት መኪና ነው። ስለዚህ በዚያ አገር በመኸር ወራት የአንድ መኪና መቆም የባለቤቱ ብቻ ጉዳት ሳይሆን፣ የገበሬው፣ የወፍጮ ቤቱና የነጋዴውም ጉዳት ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የወረታ ነጋዴ በባንክ ብድር አዲስ የጭነት መኪና ገዛ እንበል። የዋስትናው ደብተር በተወሰነው ጊዜ ውስጥ የሚደርስ ብልሽት ሁሉ በነጻ እንደሚጠገን ይናገራል። በሁለተኛው ወር ሞተሩ ከመጠን በላይ ጋለ፤ መኪናው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ደረሰና ቴርሞስታቱ ተለወጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደ ገና ጋለ፤ ራዲያተሩ ተጠረገ። በሦስተኛው ጊዜ የውሃ ፓምፑ፣ በአራተኛው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቀየረ። በአምስተኛው ሩዝ እንደ ጫነ መንገድ ላይ ቀረ። ባለቤቱ፣ «መኪናው ይለወጥልኝ፤ አለዚያ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ቢል፣ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «እያንዳንዱ ብልሽት ለብቻው ነው፤ እያንዳንዱም በነጻ ተጠግኗል፤ ዋስትናው ተከብሯል» ይባላል። በእርግጥም በወረቀቱ ላይ የሚነበበው የተለያዩ ዕቃዎች ስም ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለው በሽታ ግን አንድ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። ዕቃው በተለመደው አገልግሎቱ ሊሰጥ የሚገባውን ጥቅም ካልሰጠ ጉድለት እንዳለበት ይቆጠራል። በአንጻሩም ገዢው ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ባገኘ ጊዜም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅና ካስታወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ መብቱን እንዲጠይቅ ይፈልጋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥገናው ዛሬ ነገ እየተባለ ሲጓተት ዓመቱ ያልፋል፤ በስልክ ብቻ አቤት ያለ ሰው ደግሞ ማስታወቁን የሚያስረዳበት ወረቀት የለውም። ጉድለቱ መኪናውን ከመረከቡ በፊት የነበረ መሆኑን የማስረዳት ሸክምም የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ለመጠየቅ የሚያስችለውን መብት ደነገገ። ይህ ለብርድ ልብስና ለሬዲዮ መልካም መድኃኒት ነው። የሞተር ጉድለት ግን ብዙውን ጊዜ ራሱን የሚገልጠው መኪናው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ነው። ከዚህም በላይ አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው ስለ ሆነ፣ ለንግድ ሥራ የተገዛ የጭነት መኪና ባለቤት በዚህ አዋጅ መጠለል መቻሉ ራሱ ሊያከራክር ይችላል።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር የፈቱት በመቁጠር ነው። በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ሕግ፣ አንድ ዐይነት ጉድለት አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልተጠገነ፣ ወይም መኪናው ለጥገና በድምሩ 30 ቀን ከቆመ፣ በቂ የጥገና ዕድል እንደ ተሰጠ ይገመታል፤ መለወጥ ወይም ገንዘብ መመለስም ይከተላል። አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን ዕድለ ቢስ መኪና «ሎሚ» ስለሚሉት፣ ሕጉም በዚሁ ስም ይጠራል። የደቡብ አፍሪካ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ (እ.ኤ.አ. 2008) ደግሞ፣ የተጠገነ ዕቃ በሦስት ወር ውስጥ ጉድለቱ ያልተወገደ ወይም ሌላ ጉድለት የተገኘበት ከሆነ፣ አቅራቢው እንዲለውጠው ወይም ዋጋውን እንዲመልስ ያዛል። የእነዚህ ሕጎች ጥበብ አንድ ነው፤ «እስከ መቼ?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድመው በቁጥር መልስ ሰጥተዋል።

ነገር ግን ቁጥር የሚረዳው «አንድ ዐይነት ጉድለት» የሚለው ቃል ትርጉም ሲኖረው ነው። ይህን ትርጉም የሚሰጠው ዳኛው ብቻ አይደለም፤ የጥገናውን ወረቀት የሚጽፈው የሙያ ሰው ነው። ወረቀቱ «ፓምፕ ተቀየረ» ብቻ የሚል ከሆነ ታሪኩ ይጠፋል። በአንጻሩ ምልክቱ፣ የተነበበው ሙቀት፣ የጎደለው ውሃ መጠን፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር ተጽፎ ቢሆን፣ የቴስታታው ጠፍጣፋነት ቢለካና የቃጠሎ ጋዝ ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ መግባት አለመግባቱ ቢመረመር፣ የተለያየ መስሎ የታየው ብልሽት አንድ ስንጥቅ የወለደው መሆኑ ወይም አለመሆኑ በታወቀ ነበር።

የሙያ ሰው እውነቱን የሚናገረው ለገዢው ብቻ አይደለም። የፎገራ ክረምት ለመኪና ምሕረት የለውም። ዋልካው ጎማ ይውጣል፤ ርብና ጉማራ ሲሞሉ መንገድ ያለብሳሉ። ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ውሃ በመሳቡ ቢዬላው የጎበጠ ሞተር፣ ከልኩ በላይ ተጭኖ ባሌስትራው የተሰበረ መኪና፣ ያለ ውሃ ተነድቶ ቴስታታው የተጣመመ ሞተር በፋብሪካው ሊሳበብ አይገባም። ሆኖም ጭቃና ጎርፍ መኖሩ ብቻ ለሻጩ ምክንያት ሊሆነው አይችልም፤ ብልሽቱን ያመጣው እርሱ መሆኑ በምርመራ መታየት አለበት።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ሕመም በጆሮ የሚሰማ፣ በእጅ የሚዳሰስ አይደለም፤ የባትሪው ታሪክ የሚገኘው በመኪናው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ያን መዝገብ ማንበብ የሚችለው ሻጩ ብቻ ከሆነ፣ ተከራካሪው የራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ሕግ ማውጣት የምክር ቤት፣ መፍረድም የዳኛ ሥራ ቢሆንም፣ ከሙያው የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዋስትና ስር ለሚደረግ ጥገና ሁሉ ምልክቱን፣ የተለካውን፣ የተሠራውንና መኪናው የቆመበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ተዘጋጅቶ፣ ግልባጩ ለባለቤቱ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የተፈታው ዕቃ ክርክሩ እስኪያልቅ ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤት ሲጠይቅ ከሻጭም ከገዢም ጥቅም ነጻ ሆኖ አስተያየት የሚሰጥ ባለሙያ በየአካባቢው ይገኝ። ማኅበሩም የጥገናን ቁጥርና የቆሞ መቅረትን ቀን የሚወስን ድንጋጌ እንዲወጣ ሐሳቡን ለሚመለከታቸው ቢያቀርብ ተገቢ ነው።

ያ የወረታ ነጋዴ የሞተርን ጠባይ ላያውቅ ይችላል፤ አምስት ጊዜ መመላለሱን ግን ያውቃል። የሚያውቀው ነገር በዳኛ ፊት ማስረጃ የሚሆነው፣ መኪናውን የመረመረው ሰው ያየውን በትክክል ጽፎ ከፈረመለት ነው።