ወደ ላሙ ተመላልሶ ስለ መሄድ
(በናይሮቢ ከተማ በፓርክላንድስ ሠፈር በመምህራን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበሩ ጸሐፊ ለዛሬው ምሽት ንግግር እንዳሰናዳ በጠየቁኝ ጊዜ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ትተውልኝ ነበር። ከእናንተ መካከል ስለ ፈተና አሰጣጥ ወይም ስለ መማሪያ መጻሕፍት እጥረት ይናገራል ብሎ የጠበቀ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይናገራል? እኔ ግን ስለ አንዲት ደሴት፣ ይልቁንም ወደዚያች ደሴት ተመላልሶ ስለ መሄድ ልናገር ፈቅጃለሁ። ደሴቲቱ ላሙ ናት። ከ2009 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ውስጥ አሥራ ሦስት ጊዜ ሄጄባታለሁ። ሳልሄድ የቀረሁት ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ሁለቱ በ2014 በሰኔ ወር በምፔኬቶኒ ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ መንገዱ ስላስፈራ፣ አንዱ ደግሞ በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ነው። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እናገራለሁ፤ በአንድ አዳራሽ ሁለት አቈጣጠር ማቀላቀል አድማጭን ማድከም ነው።)

በፓርክላንድስ ለምንኖር ሰዎች ወደ ባሕር መውረድ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ሠፈር ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው አቬኑ ድረስ በቍጥር በሚጠሩት መንገዶች ዳር ከሚኖሩት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከሕንድ አገር ባሕር ተሻግረው ወደ ጠረፉ የመጡ፣ ከዚያም ከ1896 እስከ 1901 የተሠራውን የምድር ባቡር ሐዲድ ተከትለው ወደ ደጋው የወጡ ናቸው። ስለዚህ የትምህርት ዕረፍት በደረሰ ቍጥር ወደ ሞምባሳ ሲጐርፉ ሳይ ለመዝናናት ብቻ የሚሄዱ አይመስለኝም፤ አያቶቻቸው እግራቸውን ያሳረፉበትን ወደብ ይጐበኙበታል። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ወደዚህ ሠፈር የገባነው በሌላ በር ነው፤ አንዳንዱ በሞያሌ፣ አንዳንዱ በአውሮፕላን፣ አንዳንዱም ሊናገረው በማይወደው መንገድ። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ከሆነች ወዲህም አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ይህን የማነሣው ክርክር ለመክፈት አይደለም፤ በኋላ የምመለስበት ጕዳይ ስላለ ነው።

አንድ ባልደረባዬ፣ እርሳቸውም እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል፣ «ሌላ ደሴት የለም ወይ?» ብለው በየዓመቱ ይጠይቁኛል። አለ እንጂ፤ ዛንዚባር አለ፣ ፔምባ አለ፣ ገንዘብ ለተረፈውም ሲሼልስ አለ። ነገር ግን ጥያቄው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደውን ሰው «አምና አይተኸው የለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? ምእመኑ የሚመለሰው ስፍራውን ስላላየው አይደለም፤ ባለፈው ዓመት የተሳለው ስእለት ስላለበት፣ በዚህኛውም ዓመት የሚለምነው ነገር ስላለው ነው። እኔ በላሙ ስእለት የለብኝም። ይሁን እንጂ አንድን ስፍራ ማየትና አንድን ስፍራ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ የሕዝባችን ልማድ ከመምህራን ይልቅ አስቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ያየሁት የጐብኚ ሁሉ እይታ ነበር፤ የተቀረጹትን የእንጨት በሮች፣ ሁለት አህዮች ጐን ለጐን የማያሳልፉትን ጠባብ መንገዶች፣ ከ1813 ግድም ጀምሮ ተሠርቶ በ1821 የተፈጸመውን ምሽግ። ከተማው ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለየው የኖረ በመሆኑ ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስ መዝገብ አስፍሮታል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ግን ላሙ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከመጽሐፍ ይገኛል።

ሳልጠብቀው ያገኘሁት ሰዓታችንን ነው። ያደርኩበት ቤት ባለቤት የሆኑት አሮጊት ጀልባው «በሳ ምቢሊ» ይነሣል ብለው ነገሩኝ፤ በቃል ሲተረጐም በሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ ፈረንጁ ግን ያንኑ ሰዓት ስምንት ይለዋል። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ቀኑን መቍጠር የሚጀምረው ከንጋት ነው። በናይሮቢ የምናስተምራቸው የኢትዮጵያውያን ልጆች በትምህርት ቤት «ኤይት ኦክሎክ» በቤት ደግሞ «ሁለት ሰዓት» እየተባሉ ሲያድጉ የእናታቸው አቈጣጠር የኋላ ቀር ሰው ስሕተት ይመስላቸዋል። እኔ ይህን ነገር ለቅዳሜ የአማርኛ ተማሪዎቼ በነገርኳቸው ቀን አንዲት ልጅ ለሳምንት ያህል የሠፈሩን ሱቅ ሻጮች ሁሉ በስዋሂሊ ሰዓት ስትጠይቅ ሰነበተች።

ቍጥሩም እንደዚሁ ነው። የስዋሂሊ ሰዋስው የባንቱ ቋንቋዎች ሰዋስው ነው፤ ነገር ግን ከዐረብኛ ብዙ ቃል ስለ ወሰደ፣ ዐረብኛም የግእዝ ዘመድ ስለ ሆነ፣ ሃያን «ኢሺሪኒ» ሲሉ ግእዛችን ዕሥራ ይላል፤ አርባን «አሮባይኒ»፣ ሰማንያን «ቴማኒኒ» ይላሉ። ሺሕን ደግሞ «ኤልፉ» ይሉታል፤ በእኛ ዘንድ እልፍ ዐሥር ሺሕ ነው። አንድ ተማሪ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው የእኛ እልፍ በዐሥር እጥፍ ይበልጣል» ብሎ ደስ ሲለው አየሁና ከዚህ የበለጠ የአማርኛ ትምህርት ማበረታቻ ከየት ይገኛል ብዬ ዝም አልኩ። ለታላቅ ሰው የሚቀርበውም ሰላምታ «ሺካሞ» ነው፤ ትርጕሙ እግርዎን ያዝኩ ማለት ሲሆን፣ የአያቱን ጕልበት እየሳመ ላደገ ልጅ ማብራሪያ አያሻውም።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ጉዞዬ አንድ ተራ ጥያቄ መጣብኝ፤ በጨው ባሕር የተከበበ፣ ወንዝም የሌለው ከተማ ለሰባት መቶ ዓመት ምን ጠጥቶ ኖረ? መልሱ በሼላ መንደር ጀርባ ያለው የአሸዋ ኮረብታ ነው። በእነዚያ ኮረብታዎች ላይ የሚዘንበው ዝናም ወደ አሸዋው ሰርጎ ይገባል፤ ጨው የሌለበት ውሃ ከባሕር ውሃ ይልቅ ቀላል ስለ ሆነም ከሥሩ ባለው ጨዋማ ውሃ ላይ ተንሳፎ እንደ ምስር ቅርጽ ተጋድሞ ይቀመጣል። የላሙ ጕድጓዶች የሚቀዱት ከዚህ ነው። ከመጠን በላይ ከተቀዳ ወይም አሸዋው ከተነሣ ጨዋማው ውሃ ከታች ይወጣል። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ምስክሩ በማዶ አለ። በማንዳ ደሴት የሚገኘው ታክዋ የሚባል ከተማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ለቆት ዛሬ ፍርስራሽ ሆኖ ቆሟል፤ ለመለቀቁም ከሚሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው የጕድጓዱ ውሃ ጨው መሆኑ ነው። መስጊዱና የአጥሩ ግንብ ግን እስከ ዛሬ ይታያሉ። እንግዲህ በየዓመቱ ስመለስ ከአሸዋው ኮረብታ ጫፍ አዳዲስ ቤቶች ወደ ላይ ሲወጡ አያለሁ። ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ባለጠጎች የዕረፍት ቤቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹም የመዋኛ ገንዳ አላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ የሄደ ሰው ቤቶቹን ያያል፤ ኮረብታው ምን ያህል እንደ ቀነሰ ግን አያይም።

ስለ ቤቶቹ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የጥንቶቹ የላሙ ቤቶች ክፍሎች ረጃጅምና ጠባብ ናቸው። በመጀመሪያ የጌጥ ልማድ መስሎኝ ነበር። ኋላ አንድ ግንበኛ እንዳስረዳኝ ግን ጣሪያውን የሚሸከመው «ቦሪቲ» የሚባለው የማንግሮቭ እንጨት ነው፤ የእንጨቱ ርዝመት ውሱን ስለ ሆነም የክፍሉ ስፋት ከእንጨቱ ሊበልጥ አይችልም። የአገሩ ዛፍ የሰዉን አዳራሽ ለክቶ ሰጠው ማለት ነው። ጐጃሜም ሆነ ሸዌ ጐጆ ሲሠራ የወጋግራውን ርዝመት አስቀድሞ እንደሚያስብ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል።

በዚያው ደሴቶች መካከል የፓቴዋ እመቤት ምዋና ኩፖና በ1858 ለሴት ልጇ ምክር የሚሆን ረጅም ግጥም ጽፋለች፤ የጻፈችውም ቋንቋው ስዋሂሊ ሆኖ ፊደሉ የዐረብ ነው። በወሎም መንዙማው በአማርኛ ቋንቋ በዐረብ ፊደል ሲጻፍ ኖሯል። እነዚህን ሁለቱን ጐን ለጐን አድርጐ የሚያስተምር የሥነ ጽሑፍ መምህር እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ በዚህ ስብሰባ መካከል ካለ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አሁን አስቀድሜ ወዳልኩት ጕዳይ ልመለስ። በ2012 ማርች 2 ቀን የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊና የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር ከላሙ ማዶ ባለው የብስ ላይ ተገኝተው የአዲስ ወደብ ሥራ አስጀመሩ። ከወደቡ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በሞያሌ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚዘልቅ መንገድ፣ የባቡር ሐዲድና የነዳጅ ቧንቧ ታስቦ ነበር። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በሜይ 2021 ሥራ ጀመረ። እኔ በዚያ ዓመት በክፍሌ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ከላሙ እስከ አዲስ አበባ በቀይ ቀለም መሥመር አስምሬ ስለ አገራችን የባሕር በር አስተማርኩ። መሥመሩ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር በአብዛኛው በአንድ በጅቡቲ ወደብ ላይ ሲንጠለጠል ሁለተኛ በር መሻቱ የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን ወደ ላሙ ስሄድ የምሳፈርበት ጀልባ ባለቤት ዓሣ አጥማጅ ነው። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ካወቀ ወዲህ ወደቡን «ወደባችሁ» እያለ ይጠራዋል። በቍጣ አይደለም፤ በትሕትና ነው፤ ትሕትናውም ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ። ለመርከቦቹ መግቢያ የባሕሩ ወለል ሲቈፈር አባቱ ያጠምድበት የነበረው ስፍራ ደፈረሰ፤ ዓሣው የሚራባበት የማንግሮቭ ደንም ተመነጠረ። ወደ ጥልቁ ባሕር ለመውጣት የእርሱ ጀልባ ትንሽ ናት። አጥማጆቹ ተካሰው በ2018 የማሊንዲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕዝቡ በሚገባ ሳይማከር ሥራው መጀመሩን ገልጾ ለ4,600 ያህል አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን ሺልንግ ካሣ እንዲከፈል ፈረደ። ክፍያው ግን ለዓመታት ዘገየ። በሌላ በኩል እዚያው አጠገብ ሊሠራ የታሰበውን በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የአገሬው ሰዎች ተቃውመውት የአካባቢ ጥበቃ ችሎቱ በ2019 ፈቃዱን ሰርዞታል። ስለዚህ የላሙ ሰው ዝም ብሎ የሚገፋ ሕዝብ አይደለም፤ ሕግ ያውቃል፣ ይሟገታልም።

እንግዲህ መምህር ምን ያስተምር? ቀዩን መሥመር ይፋቀውን? አይገባም፤ ካርታው እውነቱን ተናግሯል። የጀልባውን ሰው ይተወውን? እርሱም እውነቱን ተናግሯል። እኔ ያደረግሁት መሥመሩ በሚነሣበት ነጥብ ላይ፣ ካርታው በማያሳየው ቦታ፣ ሁለተኛ ትልቅ ካርታ መስቀል ነው። በእርሱም ላይ የማንግሮቩን ደን፣ የማጥመጃ ስፍራዎቹን፣ የሼላን ጕድጓዶች ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሥላሉ። የወደብ ጥቅምና ጕዳት በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነግሮ የሚያልቅ ትምህርት አይደለም፤ በአንደኛው ዓመት የሚማሩት መሥመሩን፣ በሚቀጥለው ነጥቡን፣ በሦስተኛው ደግሞ ሰዎቹን ነው።

በዚህ ረገድ ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች አንዲት ቅሬታ ላቅርብ። ተቈጣጣሪዎች ወደ ክፍላችን ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁን «የት ደረሳችሁ?» ብለው ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ያስተማረ መምህር እንደ ሰነፍ ይቈጠራል። አሜሪካዊው ጄሮም ብሩነር በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ዐቢይ ሐሳብ በየደረጃው እየጠለቀ ተመላልሶ መቅረብ እንዳለበት ካስረዳ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ ሐሳቡም በየማሠልጠኛው ይነገራል፤ በመቈጣጠሪያው ቅጽ ላይ ግን ስፍራ አላገኘም። ለእኛ እንኳ ብሩነር አያስፈልገንም ነበር። የቤተ ክህነት ተማሪ ፊደሉን ለይቶ፣ ወንጌለ ዮሐንስን አንብቦ፣ ዳዊት ላይ ሲደርስ ምን ይባላል? «ዳዊት ደገመ» እንጂ «ዳዊት ጨረሰ» አይባልም። ቃሉ ራሱ መድገም ነው። ዳዊትን የደገመ ሰውም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲደግመው ይኖራል።

የሚቀጥለው ጉዞ በታኅሣሥ ነው። በዚያን ወራት «ካስካዚ» የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ስለሚነፍስ ባሕሩ ለጀልባ ይመቻል፤ ከኤፕሪል ጀምሮ የሚነሣው «ኩሲ» ግን ልጆችን ይዞ ለሚጓዝ ሰው አይመከርም። ዐሥራ አንድ ተማሪዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነርሱም አራቱ ከዚህ በፊት አብረውኝ ሄደዋል። እነዚህ አራቱ ባለፈው ጊዜ የቀመሱትን የሼላ ጕድጓድ ውሃ ጨውነት በዚህኛው ጊዜ በመሣሪያ ሊለኩ ይፈልጋሉ፤ መሣሪያውን የሚያውሰን ትምህርት ቤት ካለ ከስብሰባው በኋላ ቢያነጋግረኝ እወዳለሁ። ለወደቡ አስተዳደር ደግሞ ለጕብኝት ፈቃድ ጠይቀን ደብዳቤ ጽፈናል። የጀልባውም ባለቤት አብሮን ሊገባ ፈቃዱን ስለ ገለጸልን ስሙን ከተማሪዎቹ ስም ጋር አስፍረናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።