አጥንቱ የሚገጥመው ሥጋው ሲድን ነው፦ ስለ ከባድ ክፍት የእግር ስብራት የቀረበ ንግግር



አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ሲደርስ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ አጥንቱ ነው። በከባድ ክፍት ስብራት ግን የእግሩን ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወስኑት በራጅ በግልጽ የማይታዩት ቆዳው፣ ጡንቻውና የደም ሥሩ ናቸው።

ቅልጥማችንን ከፊት ለፊት ብንዳስሰው ከቆዳ በስተቀር የሚሸፍነው የለም። ስለዚህ ቆዳው ሲቀደድ አጥንቱ ይጋለጣል። በመቅኔው ውስጥ የሚያልፈው የደም ሥር በስብራቱ ሲቋረጥ ደግሞ አጥንቱ ደም የሚያገኘው በዋናነት ከዙሪያው ካለው ሥጋ ነው። ያ ሥጋ ከሞተ አጥንቱ ደም ያጣል፤ የሞተው ሥጋም ለተሕዋስያን ምግብ ይሆናል።

ጉስቲሎና አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ክፍት ስብራትን በሦስት ደረጃ ከፈሉ። በ1984 ሦስተኛው ደረጃ እንደገና በሦስት ተከፈለ፤ አጥንቱን በቀረው ሥጋ መሸፈን የሚቻልበት፣ ሥጋ ከሌላ ቦታ ማምጣት የሚያስፈልግበት፣ እንዲሁም መጠገን ያለበት የደም ቧንቧ የተጎዳበት ናቸው። አከፋፈሉ በዋናነት የሚመዘነው በሥጋው ጉዳት መሆኑን ልብ በሉ።

ሕክምናው የሚጀምረው ሕመምተኛው እንደደረሰ ነው። አንቲባዮቲክ በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ የቴታነስ መከላከያም አይረሳም። የእግሩ የደም ምት ይፈተሻል፤ ቁስሉ በጨው ውኃ በራሰ ፋሻ ይሸፈናል፤ እግሩም እንዳይንቀሳቀስ ይደገፋል። በቀዶ ሕክምና ክፍል የሞተው ሥጋ ሁሉ ይወገዳል። ሕያው ጡንቻ በቀለሙ፣ በጥንካሬው፣ ሲነካ በመኮማተሩና ሲቆረጥ በመድማቱ ይታወቃል። ለማጠብ ንጹሕ የጨው ውኃ ይበቃል፤ በ2015 የወጣ ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት ሳሙና የድጋሚ ቀዶ ሕክምናን እንዳበዛ፣ ከፍተኛ የውኃ ግፊትም ብልጫ እንደሌለው አሳይቷል።

ቀጥሎ የሚመጣው መሸፈን ነው። ማርኮ ጎዲና በልዩብልያና ያከናወነውንና በ1986 የታተመውን የ532 ሕመምተኞች ሥራ እናስታውስ። በ72 ሰዓት ውስጥ ቁስላቸው በተሸፈነላቸው ላይ ኢንፌክሽን የታየው በ1.5 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሦስት ወር በዘገዩት ግን 17.5 በመቶ ደረሰ።

ከጉልበት በታች ላለው ሦስተኛ እጅ የባት ጡንቻን፣ ለመካከለኛው ከሥሩ ያለውን ጡንቻ አዙሮ መሸፈን ይቻላል። ወደ ቁርጭምጭሚት ለቀረበው ግን ብዙውን ጊዜ ከሌላ የሰውነት ክፍል የመጣ ሥጋ ያስፈልጋል፤ የደም ሥሮቹም በማይክሮስኮፕ ይሰፋሉ። ይህ አገልግሎት በአገራችን በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ስለሚገኝ ሪፈር የመጻፉ ውሳኔ መግል እስኪታይ መጠበቅ የለበትም። ቁስሉን የሚመጥ የቫኪዩም ፋሻም መሸጋገሪያ እንጂ ምትክ አይደለም።

ለሕዝባችንም አንድ ቃል አለኝ። ወጌሻ በባህላችን የተከበረ ሙያተኛ ነው፤ ነገር ግን ቁስል ያለበት ስብራት የሆስፒታል ጉዳይ ነው። ጠብቆ የታሰረ መቃ የደም ዝውውርን አግዶ እግርን እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል።

ለባልደረቦቼ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የአጥንትና የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ቁስሉን በመጀመሪያው ቀን አብረው ይዩት፤ ብረቱ የሚገባበትንም ቦታ፣ ቁስሉ የሚሸፈንበትንም መንገድ በአንድነት ይወስኑ። በአምስተኛው ቀን የሚደረግ ምክክር ለብዙ እግሮች የዘገየ ነው።