የምግብ ዘይትና የነርቭ ሽፋን ደዌ



መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው ደዌ፥ ሰውነትን ከበሽታ እንዲጠብቅ የተሰጠው ኀይል ጠላቱን ስቶ የገዛ ወገኑን ሲወጋ የሚመጣ ነው። የሚጠቃውም በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ነርቮችን የሚያለብሰው ማይሊን ነው፤ የማይሊንም አብዛኛው ክፍል ስብ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱ ሲላጥ ኀይሉ እንደሚባክን ሁሉ፥ የነርቭም መልእክት ይዘገያል ወይም ይቋረጣል፤ ዓይን ይፈዝዛል፥ እጅ ይደነዝዛል፥ እግር ይከብዳል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ ይህን ደዌ በ1868 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሌሎች ለይቶ ካስረዳ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሐኪሞችን ሲያስጨንቅ ኖሯል፤ ይኸውም፥ አንዱ ሕመምተኛ 20 ዓመት ታሞ በእግሩ ሲሄድ፥ ሌላው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከወንበር የሚውለው ስለ ምን እንደ ሆነ ነው።

መልሱን ከማእድ ከፈለጉት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ሮይ ስዋንክ ነው። በኖርዌይ አገር፥ ከባሕር ርቀው ቅቤና ወተት አብዝተው የሚመገቡት ገበሬዎች፥ ዓሣ ከሚመገቡት የጠረፍ ሰዎች ይልቅ በዚህ ደዌ መያዛቸውን በ1952 ከባልደረቦቹ ጋር ጻፈ። ቀደም ብሎም በካናዳ፥ በሞንትሪያል ከተማ፥ ሕመምተኞቹን ቅቤና የሰባ ሥጋ እንዲቀንሱ ማዘዝ ጀምሮ ነበር። 144 ሰዎችን ለ34 ዓመት ተከታትሎ በ1990 ባወጣው ጽሑፍ፥ በቀን ከ20 ግራም የማይበልጥ ስብ የተመገቡት ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ ጥቂት እንደ ደከሙ፥ ሞትም እንደ ቀነሰላቸው አስታወቀ።

ይህን የመሰለ ትዕግሥት ክብር ይገባዋል። ማስረጃው ግን ትልቅ ቀዳዳ አለበት፤ ምግቡን የጠበቁትና ያልጠበቁት በዕጣ የተለዩ አልነበሩም። ሕመም የበረታበት ሰው ገበያ መውጣትም ማብሰልም ስለሚያቅተው ያገኘውን ይበላል። እንግዲህ ምግቡ ሕመሙን አበረታው፥ ወይስ ሕመሙ ምግቡን አስጣለው? ከትምህርት የሚቀር ልጅ በፈተና ሲወድቅ፥ የጣለው መቅረቱ ነው ወይስ የቤቱ ችግር ሁለቱንም አመጣ ብሎ መጠየቅ ለመምህራን አዲስ ነገር አይደለም።

በቤልፋስትና በለንደን የነበሩ ሐኪሞች ቀዳዳውን የሚደፍን መንገድ ያዙ። 75 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው፥ ለአንዱ ወገን የሱፍ አበባ ዘይት፥ ለሌላው የወይራ ዘይት ለሁለት ዓመት ሰጡ፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሕመምተኛውም መርማሪውም አያውቅም ነበር። የሱፍ አበባ የተመረጠው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ቅባት ስለሚበዛበት ነው፤ ይህን ቅባት ሰውነት ራሱ ሊሠራው አይችልም፥ ከምግብ ብቻ ያገኘዋል። በ1973 የወጣው ውጤት መጠነኛ ነበር። የሱፍ አበባውን ዘይት በወሰዱት ላይ ሕመሙ ሲያገረሽ ክብደቱ ቀነሰ፥ ቆይታውም አጠረ፤ በጠቅላላው የአካል መድከም ላይ ግን ግልጽ ለውጥ አልታየም። እንዲህ ያሉ ሦስት ሙከራዎች በ1984 ተደምረው ሲመረመሩ፥ ጥቅም የታየው ገና ብዙ ባልተጎዱት ላይ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ ሰሚ ከዚህ ጋር የሚቀርበው ኑግ ነው። የኑግ ዘይት ከሱፍ አበባ ባላነሰ በዚሁ ቅባት የበለጸገ ነውና፥ በጾም ወራት ቅቤን ተክቶ ከወጡ የሚገባው እርሱ ከሆነ ማእዱ ለስዋንክ ትእዛዝ ይቀርባል ሊባል ይቻላል። ሆኖም የቅባት መመሳሰል ለምርመራ መነሻ ይሆናል እንጂ ኑግን መድኃኒት አያደርገውም።

ነገሩ የሚከፋው ተስፋ በገበያ ሲሸጥ ነው። ከ1993 ጀምሮ ኢንተርፌሮን ቤታ፥ ከዚያም ወዲህ ከእርሱ የበረቱ ሌሎች መድኃኒቶች ግርሻን እየቀነሱ ነው፤ ምግቡን ተማምኖ መድኃኒቱን የጣለ ሕመምተኛ ግን በመካከሉ የሞተበት ነርቭ አይመለስለትም። ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል የሚወጣው ኤፒጋሎካቴኪን ጋሌት ለዚህ ምሳሌ ነው። በቤተ ሙከራ የነርቭ ሕዋሳትን ሲጠብቅ ታይቶ ብዙ ተወራለት። የበርሊን ሐኪሞች ግን ደዌው እየገፋ በሄደባቸው 61 ሰዎች ላይ ለ36 ወራት ከአምሳያ ክኒን ጋር አስተያይተው፥ በ2021 ባወጡት ጽሑፍ፥ የአንጎልን መመንመን እንዳላቆመ ገለጹ።

በስኒ የሚጠጣው ሻይ ሌላ፥ ተጨምቆ በክኒን የሚዋጠው ሌላ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው፥ ይህ ንጥረ ነገር በክኒን መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት ሊያመጣ ይችላል። ለዚሁ ደዌ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ራሳቸው ጉበትን የሚያስቸግሩ ስለ ሆኑ፥ ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር መቅረቱ አደጋውን ያከብደዋል።