ተግባረ እድ
ስለ ድኾች ልጆች የሙያ ትምህርት ቤት የተሰጠ ስብከት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ልነግራችሁ የወደድሁት ነገር የተነሣው ከሐረር ከተማ ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ ጊደር መጋላ የሚባል ስፍራ አለ፤ በከተማይቱ ቋንቋ ታላቁ ገበያ ማለት ነው። ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደዚያ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ደግሞ መኪና ግርግር ይባላል። ይህን ስም ያገኘው ልብስ ሰፊዎች በግራና በቀኝ ተቀምጠው ከሚያንቀሳቅሱት የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ለአላፊ አግዳሚው ሁካታ ይመስለዋል፤ ለሚያስተውል ሰው ግን የብዙ ቤተ ሰብ የዕለት እንጀራ ነው።

በዚያ ገበያ አንድ ቀን ዕድሜው 15 ዓመት የሚሆን ልጅ ከባድ ጆንያ ተሸክሞ፣ ወገቡ ጎብጦ ሲያልፍ አየሁ። ሸክሙን አውርዶ በጥላ ሥር ሲያርፍ ቀረብሁና፤ «ልጄ፤ ጀርባህን ከምትጎዳ አንድ ሙያ ብትማር አይሻልህምን?» አልሁት። ልጁም በአክብሮት ተነሥቶ፤ «አባ፤ መማሩንስ እወድ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ስማር ውዬ ብገባ እናቴና እኅቶቼ ማታ ምን ይበላሉ?» አለኝ። የምመልስለት ቃል አጣሁ። ጥቂት ቆይቶ አዛን ተሰማ፤ እርሱም ተሰናብቶኝ ወደ ስግደቱ ሄደ። እኔም ጥያቄውን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ዛሬ በእናንተ ፊት የማቀርበው ያን የልጁን ጥያቄ ነው።

ወገኖቼ ሆይ፤ ይህ የአንድ ልጅ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ፤ ከተፈተኑት 900,000 ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30,000 እንኳ እንዳልሞሉ ሰምተን አዝነን ነበር። እነዚህ እስከ 12ኛ ክፍል ለመድረስ የታደሉት ናቸው። ከዚያ በፊት ትምህርቱን አቋርጦ ጆንያ የተሸከመውን፣ ጫማ የሚጠርገውን፣ በየበረንዳው የሚያድረውን ማን ቈጠረው? ለእነዚህ ልጆች የሙያ ትምህርት ቤት መሥራት እንደሚያስፈልግ የማይናገር የለም። ነገር ግን ትምህርት ቤት በግንብ ብቻ የሚቆም ይመስለናል። እኔ ግን በሁለት ነገር ይቆማል እላችኋለሁ፤ አንደኛው ክብር ነው፤ ሁለተኛው እንጀራ ነው።

አስቀድሞ ስለ ክብር እንናገር። በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ አንድ ክፉ ልማድ ነበረ። ማረሻውን የሠራልንን ቀጥቃጭ ጠይብ እያልን፣ ያለበሰንን ሸማኔ እየናቅን፣ እንስራውን ያበጀችልንን ሸክላ ሠሪ ቡዳ እያልን ኖረናል። በእጃቸው ሥራ ለብሰንና በልተን፣ እጃቸውን ግን ተጠየፍን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህን ልማድ ለማስቀረት በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ዐዋቂውን የሚሳደብ ሁሉ እንዲቀጣ በዐዋጅ አዝዘው ነበር። ዐዋጅ ግን አንደበትን ይገታል እንጂ ልብን አይለውጥም። ዛሬም ልጁ ቢሮ የገባለት አባት በኩራት ይናገራል፤ ልጁ አናጢ የሆነበት ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በፈተና የወደቀውን ልጅ፤ «እንግዲህ ወደ ሙያ ሂድ» ስንለው፣ ሙያን የወደቀ ሰው መጣያ አድርገን መቍጠራችን አይደለምን?

ይህ ለክርስቲያን እጅግ ያሳፍራል። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በናዝሬት ባደገ ጊዜ ሰዎች የሚያውቁት በጸራቢነት ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰበከ። በኦሪት ዘጸአትም እንደምናነበው፣ የደብተራ ኦሪትን ንዋያት የሠራው ባስልኤል ወርቁን፣ ናሱንና ዕንጨቱን ይሠራ ዘንድ በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላ ሰው ነበረ። እንግዲህ እግዚአብሔር መንፈሱን ያሳደረበትን እጅ እኛ እንንቀውን?

አባቶቻችን ይህን ዐውቀው ነበር። በ1934 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የሙያ ትምህርት ቤት ተግባረ እድ ተብሎ ተሰየመ፤ በግእዝ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ለስሙ የተመረጠው ቅዳሴው የሚቀደስበት ቋንቋ ስለሆነ፣ ያ ስም ራሱ ስብከት ይመስለኛል። ትምህርት ቤቱም ስንት ለውጥ አሳልፎ ለኮሌጅነት በቅቷል።

ሁለተኛው ነገር እንጀራ ነው፤ ይኸውም የልጁ ጥያቄ ነው። ከአራተኛው ምእት ዓመት አባቶች አንዱ የሆነው ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ረኀብ በጸና ጊዜ ሕዝቡን መገበ። በኋላም ከከተማው ውጭ ለበሽተኞች፣ ለእንግዶችና ለድኾች ማረፊያ ሠራ፤ በዚያም የእጅ ሥራ የሚሠራበት ቤት እንዲኖር አደረገ። ልብ በሉ፤ የሚበላበት ማዕድና የሚሠራበት ቤት በአንድ አጥር ውስጥ ነበሩ። ለተራበ ሰው ዳቦ ብቻ መስጠት ለነገ ልመናን ያስተምረዋል፤ ሙያ ብቻ እናስተምርህ ማለት ደግሞ ዛሬ ሳይበላ ነገን እንዲጠብቅ መፍረድ ነው።

ስለዚህ ለድኻው ልጅ የምንሠራው ትምህርት ቤት ምሳ ያለው ይሁን። ለእናቱ የሚወስደው ጥቂት ደመወዝ ያግኝ፤ ወይም ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሽ ቀን ይማር። መምህሩ በመዶሻና በመጋዝ እጁ የሻከረ ይሁን እንጂ በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያስተምር አይሁን። ለመሣሪያ መግዣ ገንዘብ ሲመደብ፣ ለመጠገኛውና ለሚያልቀው ዕንጨት፣ ብረትና ጨርቅም ይመደብ፤ ጥገና አጥቶ አቧራ የለበሰ መኪና ማንንም አላስተማረም። ልጁ ትምህርቱን በፈጸመ ቀንም ከወረቀቱ ጋራ የሥራ ዕቃውን ይቀበል፤ መጋዝ የሌለው አናጢ ምስክር ወረቀቱን ሰቅሎ ወደ ጆንያው ይመለሳልና።

ሐረር ለዚህ ሥራ ከየት እጀምራለሁ ብላ የምትቸገር ከተማ አይደለችም። ሴቶቿ በስፌት የታወቁ ናቸው፤ ጥንታዊ መጻሕፍት በእጅ የተጻፉባትና የተደጐሱባት ናት። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ያ ግንብና በውስጡ ያሉት አሮጌ ቤቶች በየጊዜው መጠገን አለባቸው፤ በጥንቱ ጥበብ የሚጠግናቸው ግንበኛና አናጢ ካልተተካ ግን መዝገብ ብቻውን ድንጋይ አይደግፍም። ጆንያ ተሸካሚው ልጅ የከተማውን ቅርስ ጠጋኝ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህም ጋራ የኤሌክትሪክ፣ የመኪና ጥገናና የመሰለው ዘመናዊ ሙያ ሁሉ ይጨመርለት።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፤ «ያ ልጅ ከእኛ ሃይማኖት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ እርሱ ምን አገባት?» ይል ይሆናል። እኔም በወንጌሉ መልስ እሰጠዋለሁ። ጌታ ስለ ደጉ ሳምራዊ በተናገረ ጊዜ፣ ቁስለኛው በመንገድ ወድቆ ሳለ ሳምራዊው ሃይማኖቱን አልጠየቀውም፤ ቁስሉን አሰረለት፤ በእንስሳው ላይ አስቀመጠው፤ የእንግዳ ማረፊያውንም ዋጋ ከፈለለት። በጊደር መጋላ የክርስቲያኑና የእስላሙ ልጅ አንድ ጆንያ ይሸከማሉ፤ በአንድ አዳራሽ ሙያ ቢማሩ ምን ይከለክላቸዋል?

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ፤ ሌላ ሰው እስኪጀምር አትጠብቁ። ዕድርተኞች ሆይ፤ ሙታንን ለመቅበር ገንዘብ እንደምታዋጡ፣ ለአንድ ሕያው ልጅ የአንድ ዓመት ምሳ አዋጡ። ልብስ ሰፊዎች፣ አናጢዎችና ግንበኞች ሆይ፤ ከእናንተ እያንዳንዱ አንድ የድኻ ልጅ በአጠገቡ ያስቀምጥ፤ የሚያስተምረውም እንደ ልጁ እንጂ እንደ ሎሌው አይሁን። ባለጠጎች ሆይ፤ መሬትና መሣሪያ ስጡ። ምንም የሌላችሁ ደግሞ ቢያንስ አንደበታችሁን ጠብቁ፤ ሠራተኛን የሚያዋርድ ቃል ከቤታችሁ አይውጣ፤ ልጆቻችሁ ከእናንተ ይሰሙታልና።

«ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው» ይላሉ አበው። በድኻው ልጅ መንገድ ላይ ያለውን እሾህ ያጠርነው እኛ ነን፤ አንዱን በንቀታችን፣ ሁለተኛውን በቸልታችን አጠርነው። ያን ልጅ እንደ ገና በጊደር መጋላ ባገኘው፤ «እናትህ ማታ የምትበላው አለ፤ አንተ ግን ነገ ጧት ና፤ ተማር» ልለው እመኛለሁ። ይህን ቃል ብቻዬን ልናገረው አልችልም፤ የእናንተን አንደበትና የእናንተን እጅ ይጠይቃል።

በእጁ ሥራ ያከበረን አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ ሀገራችንን በሰላም ይጠብቅልን፤ ለድኾች ልጆችም በር ይክፈትላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።