ፎስፈረሱን ከአፈሩ፣ ዩሪያውን ከዝናቡ

በኒሯቅና በዙሪያዋ ባሉ የአበርገሌ ቀበሌዎች፣ በዝቋላም በሰሃላም ለምታርሱ ወገኖቼ ዛሬ የማነሣው የአፈር ምርመራን ነው። ማዳበሪያ በመጣ ቁጥር «ለጥማድ ስንት ኪሎ ልጨምር?» ትላላችሁ። አፈሩ ሳይታይ ቁጥር ብጠራላችሁ ወጥ ሳይቀምሱ ጨው እንደ መጨመር ነው።

ለረጅም ዘመን የተሠራው ግን እንዲያ ነበር። ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚለው ምክር ለጎጃም ቀይ አፈርም ለአበርገሌ ጭንጫም እኩል ተሰጠ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የአገሪቱን የአፈር ለምነት ካርታ መሥራት ሲጀምር ድኝም በብዙ ቦታ እንደሚያንስ ታየ፤ ዳፕም ድኝ ባለው ማዳበሪያ፣ በኤንፒኤስ ተተካ። ካርታው የሚያኮራ ሥራ ነው። ሆኖም የአካባቢውን ጠባይ ያሳያል እንጂ የእናንተን ማሳ ለይቶ አይናገርም። የተራራው ግርጌና ተዳፋቱ እንኳ አንድ አፈር የላቸውም።

ላቦራቶሪው በደንብ የሚነግረን የአፈሩን ኮምጣጣነትና የፎስፈረሱን መጠን ነው። ጎጃምና አዊ ላይ ኖራ ጨምሩ ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ እዚያ አፈሩ ኮምጣጣ ነው። የእኛ ቆላ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ኮምጣጣ ስላልሆነ ምርመራ ሳይኖር ኖራ መበተን ገንዘብ ማባከን ነው። ፎስፈረስ አንሶ ከተገኘ ኤንፒኤስ ጨምሩ። አንድ ኩንታሉ 38 ኪሎ የፎስፈረስ ምግብ፣ 19 ኪሎ ናይትሮጅንና 7 ኪሎ ድኝ ይዟል፤ በዘር ወቅት በትልሙ ውስጥ ከዘሩ አጠገብ ይቀበር። በቂ ፎስፈረስ ከተገኘ ግን መጠኑን ቀንሱ፤ ትርፉ ብር ለበሬ መኖም ለዘርም ይሆናል።

ናይትሮጅን ሌላ ነገር ነው። ብስባሽ ባነሰው አፈራችን ናይትሮጅን ማነሱ ብዙም አያጠራጥርም፤ ሰብሉ ምን ያህሉን እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ግን ዝናብ ነው። «ማዳበሪያ አቃጠለብን» የምትሉት ነገር እውነት ነው፤ እርጥበት በሌለበት የተጨመረ ዩሪያ ሰብሉን ይጎዳል፣ ላይ ላዩን ከቀረም በጋዝ መልክ ይተናል። ስለዚህ ዩሪያውን ባንዴ አትጨርሱት። ማሽላው ጉልበት ላይ ሲደርስ፣ መሬቱ ርሶ ሳለ ጨምሩና አፈር አልብሱት። ዝናቡ ከተቋረጠ የቀረውን አስቀምጡት፤ በደረቅ ጆንያ ከቋጠራችሁት አይበላሽም። ማሾ ለዘራ ሰው ደግሞ ናይትሮጅኑን ራሱ ሰብሉ ከአየር ያመጣዋል፤ ፎስፈረሱን ይመልከት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ናሙናው በትክክል ሲወሰድ ብቻ ነው። ማሳውን በጥምዝምዝ እየዞራችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩ። አውድማ የነበረበት፣ ፍግ የተቆለለበት፣ የዛፍ ጥላ ሥር፣ ኩይሳ አጠገብና የእርከን ጫፍ ይለፉ። የተቆፈረውን በንጹሕ ሸራ ላይ ቀላቅሉ፤ የማዳበሪያ ጆንያ አይሁን፣ የተረፈችው ብናኝ ውጤቱን ታበላሻለች። ክምሩን አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ተቃራኒ ክፍሎች ጣሉ፤ አንድ ኪሎ እስኪቀር ድረስ ደጋግሙት፤ በጥላ አድርቁት።

አበርገሌ ላይ አንድ ነገር ከሁሉም በላይ አሳስባለሁ። ላቦራቶሪው አፈሩን የሚመረምረው በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ነፍቶ ነው፤ ጠጠሩ ይጣላል። ማሳው እኩሌታው ድንጋይ ቢሆን እንኳ ውጤቱ የሚናገረው ስለ ደቃቁ አፈር ብቻ ነው። ምክሩ እንዳይሳሳት የድንጋዩን ብዛት፣ አምና የተዘራውንና የተጨመረውን ማዳበሪያ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ። በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ሰው ተፈናቅሎ ጦም ያደረ መሬት ካላችሁም ይጻፍ፤ የድሮው ውጤት ለዚያ ማሳ አያገለግልም።

ናሙናውን በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አዝመራው እንደተነሣ ውሰዱና በቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ በኩል አስልኩ። ሰቆጣ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ባለሙያው ከእነርሱ ጋር ይመካከር። እንዲህ ከሆነ ውጤቱ ማዳበሪያ ከመገዛቱ በፊት ይደርሳል። ወረቀቱ ሲመጣም በሄክታር የተጻፈውን ለአራት አካፍሎ በጥማድ እንዲነግራችሁ ባለሙያውን ጠይቁት።