የቀበሌ ቤትና የመሐል ከተማ ኑሮ



በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነው በቀበሌ ሥር ዋለ። በአዲስ አበባ መሐል ሠፈሮች የሚገኙት የጭቃ ቤቶች ተከራያቸውን አኖሩ እንጂ ጥገና አላገኙም፤ በጥቂት ብር ኪራይ ጣራ አይታደስምና። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ቢሠጋ አያስነቅፈውም።

ይሁን እንጂ የቤቱ ዋጋ በግድግዳው ብቻ አይለካም። እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ እናት ደንበኞቿ፣ በዱቤ የሚሰጣት ባለ ሱቅ፣ ልጇን የምትጠብቅላት ጎረቤትና ዕድሯ በእግር መንገድ ላይ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ሲፈርሱ የፈረሰው ይህም ጭምር ነው። በከተማው ዳር የሚሰጥ ኮንዶሚኒየም የግል መጸዳጃ አለው፤ ይህ በእውነቱ ቀላል ነገር አይደለም። ደንበኞቿ ግን አብረዋት አይሄዱም።