ለመዝገባችን የሚሆን ላፕቶፕ፦ ርካሹ ወይስ ውዱ?

(የሒሳብ ኮሚቴው ወላይታ ሶዶ በተካሄደው ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ያቀረበው ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ አንድ የቤት ሥራ ሰጥታችሁን ነበር። የማኅበሩን ሒሳብ ለመያዝ ሌላ ላፕቶፕ ይገዛ፤ ግን ዋጋው ዝቅ ያለው ይበቃናል ወይስ ለብዙ ዓመት እንዲያገለግለን ውዱን እንግዛ? ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ዛሬ ያገኘነውን እናቀርባለን፤ ውሳኔው የእናንተ ነው።

ነገሩ ለምን እንዳሳሰበን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያው ላፕቶፓችን በሦስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት አልነሳም አለ። የሦስት ወር የቁጠባና የብድር ሒሳብ በውስጡ ቀረ። የወረቀት ደብተራችንን ስላልጣልነው እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሁሉንም ከደብተር ላይ እንደገና ለመጻፍ አምስት ቅዳሜ ፈጀብን። በዚያ መሐል ግን “የኔ ገንዘብ የት ገባ?” የሚል ጥያቄ ተነሣ። ገንዘብ ያዣችን አንገቷን ደፍታ ሰነበተች። የጠየቁትም አልተሳሳቱም። በየሳምንቱ የምናስቀምጠው ብር ቅቤ ሸጠን፣ ቆጮ ሸጠን፣ ከልጆቻችን ጉርስ ቀንሰን ያመጣነው ነው። ማኅበራችንን ያቆመው መተማመን ነው፤ መተማመኑም ያለው በመዝገቡ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን “ርካሽ ገዝተን አይተናል፤ አሁን ውዱን እንግዛ” አልን። እኛም የኮሚቴው አባላት መጀመሪያ ያሰብነው እንደዚያ ነበር። ነገር ግን የተበላሸውን ላፕቶፕ ጥገና ቤት ወስደን ስናስከፍት ሌላ ነገር ተማርን።

ላፕቶፑን የጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ራሙ ነው። ራም ማለት እንደ ሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ ብዙ ደብተር በአንድ ጊዜ መዘርጋት አይቻልም። የኛው 4 ጊጋ ብቻ ነበር፤ ከዋናው ቦርድ ጋር ስለተበየደ መጨመር አልተቻለም። ሁለተኛው ማስቀመጫው ነው። ማስቀመጫ እንደ ቁም ሳጥን ነው፤ የኛው 64 ጊጋ ነበር፤ ዊንዶውስ ራሱ አብዛኛውን ስለያዘው ሞላ። እሱም ተበይዷል። ስለዚህ ቦርዱ ሲቃጠል መዝገባችንም አብሮ ሄደ። ጠጋኙ ሊነቅልልን የሚችለው ነገር አልነበረም። ችግራችን የዋጋው ማነስ ብቻ አልነበረም። ተከፍቶ የማይጠገን ዕቃ ገዝተን ነበር፤ የመዝገቡንም ቅጂ ሌላ ቦታ አላስቀመጥንም ነበር።

ይህን ይዘን ውዶቹን ስናይ ደነገጥን። በጣም ቀጫጭን ከሆኑት ውድ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ራማቸው እንደዚሁ የተበየደ ነው፤ የአንዳንዶቹም ባትሪ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ጥሩ ጎናቸውን አንክድም፤ አካላቸው ጠንካራ ነው፣ ስክሪናቸው የጠራ ነው፣ ፈጣን ናቸው። ነገር ግን አብዛኛው ዋጋቸው ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ሥዕል ለሚሠራ ሰው የሚጠቅም ነው። የኛ ሥራ ኤክሴል ላይ ቁጠባና ብድር መመዝገብ፣ በአማርኛና በወላይትኛ ደብዳቤ መጻፍ፣ ለደጋፊዎቻችን ሪፖርት መላክ ነው። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ቢበላሽ ደግሞ መለዋወጫ ፍለጋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ሊጠይቅ ነው።

አንዲት እናት በስብሰባችን መካከል እንዲህ አሉን፦ “ገበያ የምንሄደው ሸክም ይዘን ነው። ታዲያ የምትገዙልን ጌጠኛ በቅሎ ነው ወይስ የምትጭን አህያ?” ሳቅን፤ ግን ስሌታችን ከዚያ በኋላ ተቃና።

የሱቅ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ላፕቶፕም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ቁጥር ለምሳሌ ያህል ያዙት። ርካሹ 50 ሺህ ብር ቢሆንና 3 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት ወደ 16,700 ብር ይወጣበታል። ውዱ 130 ሺህ ብር ቢሆንና 7 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት ወደ 18,600 ብር ነው። ለመሥሪያ ቤት ተብሎ የተሠራ፣ ተከፍቶ የሚጠገን መካከለኛ ላፕቶፕ 75 ሺህ ብር ቢሆንና 6 ዓመት ቢያገለግል ግን፣ በዓመት 12,500 ብር ይሆናል። ከውዱ ጋር ያለው ልዩነት 55 ሺህ ብር ነው። 10 ሺህውን ለመጠባበቂያ ዕቃዎች ብናውለው፣ በቀሪው 45 ሺህ ብር ለዘጠኝ እህቶች ለእያንዳንዳቸው 5 ሺህ ብር ማበደር እንችላለን።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ መካከለኛው ይገዛ የሚል ነው። ስንገዛም እነዚህን እናያለን። ራሙ ቢያንስ 8 ጊጋ ሆኖ ወደ 16 ሊያድግ የሚችል፤ ማስቀመጫው ተነቅሎ የሚወጣ፣ 256 ጊጋና ከዚያ በላይ ኤስኤስዲ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች እንዳይሆን። ምክንያቱም የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከዚያ በታች ካሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹን በይፋ አይቀበልም። “ርካሽ ነው” ተብሎ የሚቀርብልን አሮጌ ላፕቶፕ በዚህ በኩል ዕድሜው ያለቀ ሊሆን ይችላል።

“ስላይትሊ ዩዝድ” የሚባለውንም አንንቅም፤ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። ግን ዓይተን እንግዛ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን ጎን ለጎን ያሳያል። የላፕቶፕ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሞልቶ ካለቀ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ባትሪ መቀየሩ አይቀርም፤ ዋናው ነገር መቀየር የሚቻል መሆኑ ነው።

ስለ መብራትም አስበናል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት እዚሁ በወላይታና በዳውሮ መካከል ነው፤ ሆኖም ቤታችን መብራት ሲሄድና ሲመጣ እናውቃለን። ጥሩ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ የተጀመረውን ሥራ ያስጨርሳል። ተመልሶ ሲመጣ የሚያቃጥለው ግን ኃይለኛው መብራት ነው፤ ለዚህ ስታብላይዘር እንገዛለን።

ውድ እህቶች፤ የቱንም ላፕቶፕ ብንገዛ አንድ ቀን ይሞታል። ስለዚህ ከግዢው ጋር ሦስት ደንቦች አብራችሁ እንድታጸድቁልን እንለምናለን። አንደኛ፣ የወረቀት ደብተሩ አይቀርም። ሁለተኛ፣ በየቅዳሜው ከስብሰባ በኋላ መዝገቡ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ ሃርድ ዲስኩም ላፕቶፑ ካለበት ቤት አያድርም። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሴቶች መመዝገብ ይማራሉ። የአንዲት ጸሐፊ ብቻ የሆነ እውቀት እሷ የታመመች ቀን ይዘጋል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። አንዳንዶቻችሁ “ምርጡን ግዙ፣ እንከፍላለን” ብላችሁናል፤ ልባችሁን እናመሰግናለን። ግን ለኛ ምርጡ ሶዶ ላይ የሚጠገነው ነው። የተረፈው ገንዘብ ወደ ብድር ሣጥኑ እንዲገባ ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን።

ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ማጠራቀም ከእናቶቻችን የተማርነው ነው። ያጠራቀምነውን አንድም ሳይጎድል በቀኑ ማግኘት አለብን። ላፕቶፑም የሚገዛው ለዚሁ ነው።

አሁን ጥያቄያችሁን እንስማ፤ ከዚያም እጅ በማውጣት ትወስናላችሁ።